ሐሳቡ እውነት ሲሆን

የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር አሮን ቤክ በ1960ዎቹ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊላደልፊያ ውስጥ በድብርት የሚሠቃዩ ታካሚዎቻቸውን ሲያዳምጡ፣ ሕመሙን የሚያባብሱት ሳይጠሩ የሚመጡ ሐሳቦች መሆናቸውን ተገነዘቡ። «ዋጋ የለኝም»፣ «ማንም አይፈልገኝም»፣ «ነገም ከዛሬ አይሻልም»። ታካሚው እንዲህ ያለውን ሐሳብ እንደወረደ ያምነዋል እንጂ ቆም ብሎ አይመረምረውም። ዶክተር ቤክ ምርመራውን ራሱን ሕክምና አደረጉት። ለዚህ ማስረጃህ ምንድን ነው? የሚቃወመውስ? ነገሩን በሌላ መንገድ ማየት ይቻላል? በምህጻሩ ሲቢቲ የሚባለው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና አንዱ መነሻ ይህ ነው። ዛሬ ለድብርት፣ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ እጦት ከሚሰጡት የንግግር ሕክምናዎች መካከል በብዛት ከተጠኑት አንዱ ሆኗል።

ማስረጃው ሐሳቡን የሚደግፍ ከሆነስ?

ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ ዛሬ ግን በሴትነቷ የምትኖር አንዲት ትራንስጀንደር ሴት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ልትሄድ ነው እንበል። «ገና ሲያዩኝ ይጥሉኛል» ብላ ታስባለች። ከዚህ በፊት መታወቂያዋን አይተው ፊታቸው የተለዋወጠ ቀጣሪዎች ገጥመዋታል። በተለመደው ሲቢቲ ይህ ሐሳብ የሰውን ልብ አውቃለሁ ማለት ወይም ነገን አስቀድሞ ማጨለም ተብሎ ከአስተሳሰብ ስህተቶች ተርታ ሊመደብ ይችላል። ያኔ ሕክምናው በቁስሏ ላይ ሌላ ቁስል ይጨምርባታል፤ በእርግጥ የደረሰባትን በደል የራሷ አእምሮ የፈጠረው ያስመስልባታልና።

የጉዳዩን ክብደት የሚያሳዩ ቁጥሮች አሉ። በ2015 አሜሪካ ውስጥ 27,715 ትራንስጀንደር አዋቂዎች የተሳተፉበት ሰፊ የዳሰሳ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከመላሾቹ 40 በመቶው በሕይወታቸው ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ያውቃሉ፤ በአጠቃላዩ የአሜሪካ ሕዝብ ግን ይህ 4.6 በመቶ ነበር። ከዚያው ጥናት የተገኘ ሌላ መረጃም አለ። ቤተሰባቸው ከጎናቸው ከቆመላቸው መካከል ሙከራ ያደረጉት 37 በመቶ ሲሆኑ፣ ቤተሰባቸው ከገፋቸው መካከል ግን 54 በመቶ ደርሰዋል። ማንነቱ አንድ ሆኖ ሥቃዩ እንደየቤቱ የሚለያይ ከሆነ፣ ምክንያቱን ሰውየው ውስጥ ብቻ መፈለግ አያዋጣም።

ተመራማሪዎች ይህን የአናሳነት ጫና ይሉታል። ኢላን ማየር በ2003 ባሳተሙት ሰፊ ጽሑፍ ያብራሩት ሲሆን፣ በ2012 ደግሞ ማይክል ሄንድሪክስና ራይለን ቴስታ ለትራንስጀንደር ሰዎች እንዲስማማ አድርገው አስፋፉት። በዚህ አረዳድ ጫናው በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው ከውጭ ነው፤ ስድብ፣ ድብደባ፣ ከሥራና ከቤት መባረር። ሁለተኛው ከውስጥ ነው፤ ሰው ለረጅም ጊዜ የሰማውን ንቀት አምኖ ራሱን መናቅ ይጀምራል፣ ጥቃትን ዘወትር ይጠባበቃል፣ ማንነቱን ሲደብቅ ጉልበቱ ያልቃል።

በፍሎሪዳ የባሪ ዩኒቨርሲቲዋ አሽሊ ኦስቲንና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዋ ሼሊ ክሬግ በ2015 ትራንስጀንደር ሰዎችን የሚያከብር ሲቢቲ ምን መምሰል እንዳለበት ሲጽፉ የተነሡት ከዚህ ግንዛቤ ነው። የቤክን መሣሪያዎች አልጣሉም። ቅደም ተከተሉን ግን ለወጡት፤ ሐሳቡ ከመመርመሩ በፊት ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። ቴራፒስቱ ስለ ጫናው በግልጽ ያስረዳል፤ ታካሚዋም ድብርቷ ለዓመታት ለዘለቀ በደል የተሰጠ ምላሽ መሆኑን ትረዳለች። ለብዙዎች እፎይታው እዚህ ላይ ይጀምራል።

ከዚያ ሐሳቦቹን ማበጠሩ ይመጣል፤ የሕክምናው ጥበብም ያለው እዚህ ላይ ይመስላል። ወደ ቃለ መጠይቁ እንመለስ። «ገና ሲያዩኝ ይጥሉኛል» የሚለው ሐሳብ ከተሞክሮ የመጣ ስለሆነ አይስተባበልም። ቴራፒስቱ በደሉን በደል ብሎ ይጠራዋል፤ ምን ዓይነት የሕግ ከለላ እንዳለ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት መጀመር እንደሚሻል ከእሷ ጋር ይመክራል። ከዚህ ሐሳብ ጀርባ ግን ሌላ ሐሳብ አለ፤ «ቢጥሉኝም አይፈረድባቸውም፤ እኔ ለሥራ የምበቃ ሰው አይደለሁም» የሚል። ምርመራው ሙሉ ኃይሉን የሚያሳርፈው በዚህኛው ላይ ነው። ይህን መጀመሪያ ማን ነገረሽ? ስንት ዓመትሽ ነበር? በሥራሽ ያመሰገኑሽ ሰዎች ምን ነበር ያሉት? የመጀመሪያው ሐሳብ ስለ ዓለም የተሰጠ ግምት ሲሆን ሁለተኛው ከዓለም የተወረሰ ፍርድ ነው። ሁለቱን ሳይለይ «በጎ በጎውን አስቢ» የሚል ቴራፒስት ጉዳዩን አልያዘውም።

ፍርሃትን በመጋፈጥ ላይ የተመሠረተው ልምምድም ተሻሽሏል። ውሻ የሚፈራ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ውሻ እንዲቀርብ ይደረጋል፤ የሚቀርበው ግን ወደማይነክስ ውሻ ነው። በየሰፈሩ የተደበደበን ሰው «ፍርሃትህን ተጋፈጥ» ብሎ ማታ ወደ ባቡር ጣቢያ መላክ ሕክምና ሊባል አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የቦታው ደኅንነት ይመዘናል፤ አብሮ የሚሄድ ወዳጅ ይታሰባል፤ መሸሽ የሚያዋጣበት ጊዜም እንዳለ ይነገራል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለባቸው ደግሞ የተስፋ ሣጥን የሚባል ነገር ይዘጋጃል፤ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የወዳጅ ስልክ ቁጥር፣ ለመኖር ምክንያት የሚሆን ማንኛውም ነገር ይገባበታል። ይህ መሣሪያ ቤክም ከተሳተፉበት፣ በ2005 ውጤቱ ከታተመ ጥናት የሚታወቅ ነው። ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ከነበሩ 120 አዋቂዎች መካከል የአስተሳሰብ ሕክምና ያገኙት እንደገና የመሞከር ዕድላቸው በግማሽ ያህል ቀንሶ ነበር።

ብዙ ትራንስጀንደር ሰዎች የባህርይ ሕክምና የሚለውን ስም ሲሰሙ የሚጠራጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1974 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የነበሩት ጆርጅ ሬከርስና ኢቫር ሎቫስ፣ የሴት ልጅ መጫወቻ ይወድ የነበረን አንድ ሕፃን በሽልማትና በቅጣት «ወንድ» ለማድረግ ያደረጉትን ሙከራ እንደ ስኬት አሳተሙ። በ2003 ያ ልጅ ጎልማሳ ሆኖ ራሱን አጠፋ። ጽሑፉን ያወጣው መጽሔት በጽሑፉ ላይ ያለውን ሥጋት በይፋ የገለጸው በ2020 ነበር። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2021 የሰውን የፆታ ማንነት ለመለወጥ የሚደረግን ጥረት ተቃወመ፤ ካናዳም በ2022 ማንነትን የመለወጥ ሕክምናን በሕግ ከለከለች። አዲሱ ሲቢቲ ተመሳሳይ ስም ቢሸከምም ማንነትን እንደ ሕመም አይቆጥርም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምድቡ ትራንስጀንደር መሆንን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር አውጥቶታል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያንም ሩቅ አይደለም፤ ቶሮንቶም ሆነች ዋሽንግተን ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። እንዲህ ካለ ማኅበረሰብ ለመጣ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ዕድሩ፣ የእናቱ ቤት ተያይዘው የቆሙ ናቸው። «ካልተቀበሉህ ተዋቸው» የሚል ምክር ቀላል የሚሆነው ለመካሪው ነው። ሕክምናው ሰውየውን የምትቀበል አንዲት አክስት ወይም የሚቀበል አንድ ታላቅ ወንድም ይገኝ እንደሆነ በትዕግሥት መፈለግን ይጨምራል፤ ማን መቼ ማወቅ እንዳለበት የሚወስነው ግን ሰውየው ራሱ ነው።

የዚህ ሕክምና ማስረጃ ገና በጅምር ላይ ነው። ኦስቲንና ክሬግ አፈርም ብለው የሰየሙት የስምንት ክፍለ ጊዜ የቡድን ሕክምና መጀመሪያ የተሞከረው በወጣቶች ላይ ነበር። ተመሳሳይ አካሄድ ያለውና ጆን ፓቻንኪስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2015 ውጤቱን ያሳተሙት የኒው ዮርክ ጥናት 63 ወጣት ወንዶችን ብቻ ያቀፈ ሲሆን፣ እነሱም ወንዶችን የሚያፈቅሩ እንጂ ለትራንስጀንደርነታቸው የተመረጡ አልነበሩም። ትራንስጀንደር አዋቂዎች በብዛት የተካተቱባቸው ትልልቅ ጥናቶች ያስፈልጋሉ፤ ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው ለማይገልጹት ደግሞ ይበልጡን።

አንድ የቆየ እንቅፋትም አለ። ለብዙ ዓመታት ሆርሞን ወይም ቀዶ ሕክምና የፈለገ ትራንስጀንደር ሰው መጀመሪያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማሳመን ነበረበት፤ ስለዚህ ብዙዎች ቴራፒስት ፊት የሚቀመጡት የሚያስቡትን ሳይሆን ፈቃድ የሚያስገኘውን መልስ አጥንተው ነበር። በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ የእንክብካቤ መመሪያ የንግግር ሕክምናን እንደ ቅድመ ሁኔታ ማስገደድ አያስፈልግም ይላል። ቴራፒስቱ በር ጠባቂ መሆኑ ሲቀር፣ ሰውየው ስለ ፆታው አንድም ቃል ሳያነሣ ስለ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ስለ አለቃው ወይም ስለ አባቱ ሞት ብቻ ለማውራትም ሊመጣ ይችላል።