ለቅሶ ያልተደረሰለት ልጅ

በአገራችን ሰው የሞተበት ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባም ከሥራ በኋላ መጥቶ ጥቂት ተቀምጦ ይሄዳል። ነገር ግን የሞተው ገና ያልተወለደ፥ ወይም ሞቶ የተወለደ ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ይህ ሁሉ ደንብ በድንገት ይጠፋል። ለእናቲቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፤ ቀጥሎም «ጦስሽን ይዞ ሄደ»፥ «አይዞሽ፥ ልጅ ይተካል» ይባልና ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞራል። ይህን የሚናገሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ማጽናናታቸው ነው። የሆነ ሆኖ ቃሉ ያጽናናል ወይስ አፍ ያዘጋል ተብሎ ቢጠየቅ፥ እኛ አፍ ያዘጋል ከሚሉት ወገን ነን።

ነገሩ ጥቂቶችን ብቻ የሚነካ አይምሰለን። ከታወቀው እርግዝና ከመቶው ከ10 እስከ 20 ያህሉ ይጨነግፋል። በዓለም ላይም በያመቱ 2 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ ሞተው ይወለዳሉ። እንግዲህ ይህን ጋዜጣ በአንድ ቢሮ ተቀባብለው ከሚያነቡት መካከል በቤቱ የደረሰበት ሳይኖር አይቀርም።

እንግሊዞችም በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻሉ አልነበሩም። በቀድሞው ጊዜ በሆስፒታሎቻቸው ሞቶ የተወለደው ሕፃን ብዙ ጊዜ እናቱ ሳታየው ይወሰድ ነበር፤ የት እንደ ተቀበረ ሳያውቁ የኖሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። ቤል ሙኒ የተባለች ጋዜጠኛ ግን ልጇ ሞቶ ከተወለደ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1976 የደረሰባትን በ«ጋርዲያን» ጋዜጣ ላይ ጻፈች። ሐዘንተኛ ወላጆችም ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1978 «ሳንድስ» የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጅ የሞተባት እናት፥ እንደ እርስዋ የደረሰባትን ሌላ እናት ታነጋግር ነው።

እንዲህ ያለችው ሴት «ይተካል» አትልም። «ስንት ወሩ ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። በሦስተኛው ቀን ገደማ ጡት በወተት ሞልቶ እንደሚያም፥ የሚጠባው እንደሌለ ሰውነት እንደማያውቅ አስቀድማ ትነግራለች። ከባድ ነገር በማንሳቷ ወይም ያማራትን ባለማግኘቷ ነው ለሚሉትም መልስ አላት፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨነግፈው ግማሽ ያህሉ ፅንሱ ከመነሻው በክሮሞዞም ጉድለት የተፈጠረ በመሆኑ ነውና።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ዝምታው ሕይወት የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። ልጅ እየተደጋገመ የሚሞትባት ሴት «ሾተላይ አለባት» ይባላል፤ እርስዋም እንደ እርግማን ቆጥራ ትደብቀዋለች። ሐኪሞች ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩት የደም አለመስማማትን ነው። የእናቲቱ ደም «አር ኤች ኔጋቲቭ»፥ የፅንሱ «ፖዚቲቭ» የሆነ እንደ ሆነ፥ ሰውነቷ የፅንሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያበጅበታል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው «አንቲ ዲ» የተባለው መርፌ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ይህን ይከላከላል፤ ልጁ ሞቶ ቢወለድም፥ ፅንሱ ገፋ ብሎ ቢጨነግፍም ያው ያስፈልጋል። መከላከያው አንድ ጊዜ ከተበጀ በኋላ ግን መርፌው አይጠቅምም። ታዲያ በር ዘግታ ሦስት ቀን የምታለቅሰው ሴት የሚቀጥለውንም ልጅ ልታጣ ትችላለች። ደርሶባት የምታውቅ ጎረቤት ብትኖር «ተነሺ እኅቴ፥ ደምሽን ተመርመሪ» ትላት ነበር።

ባልየውስ? በማግሥቱ ቢሮ ገብቶ ፋይሉን ይገልጣል፤ አለቃው ሪፖርቱ ለምን እንደ ዘገየ ይጠይቀዋል። ወንዶች በዚህ ነገር ከሴቶቹም ይልቅ ዝም ባዮች ነን። ሴቶቹ ቢያንስ በቡና ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ፤ ወጣት ባሎች ግን ስለ ደመወዝና ስለ ኳስ ሲያወሩ ያመሻሉ።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ፅንስ የጨነገፈባቸው ወላጆች ከፈለጉ ከመንግሥት የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ወረቀቱ በሕግ ፊት የሚያስገኘው ነገር የለም። በዚያው ዓመት የቀኑ ገደብ በመነሣቱም፥ ከ40 ዓመት በፊት የደረሰባት እናት ዛሬ ሄዳ የልጇን ስም አስጽፋ መውሰድ ትችላለች።