ለባንድ ዳይሬክተርነት የሚወዳደር ሰው ምን ይዞ ይግባ?

ባንድ ሲባል ለብዙው የአማርኛ አንባቢ ቶሎ ትዝ የሚለው የክብር ዘበኛ ወይም የፖሊስ ኦርኬስትራ፣ አለዚያም የምሽት ክበብ መድረክ ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ግን ባንድ እንደ ሒሳብና ሳይንስ ክፍለ ጊዜ የተመደበለት፣ ማርክ የሚሰጥበት ትምህርት ነው። ባንድ የሚመርጥ ልጅ በአብዛኛው አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ላይ ክላርኔት ወይም ትራምፔት ለመጀመሪያ ጊዜ ይጨብጣል፤ ከወደደው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይዘልቅበታል። ይህን ሁሉ የሚመራው የባንድ ዳይሬክተር የሚባለው መምህር ነው። ኮንሰርት ሲኖር ፊት ቆሞ ይመራል፤ በሌላው ቀን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ይጠብቃል፣ አውቶቡስ ያስመድባል፣ በጀት ያዘጋጃል፣ በመከር ወራት ደግሞ አርብ ማታ በአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ማርሽ ባንዱን ይዞ ይሰለፋል። ለቦታው ቃለ መጠይቅ የሚጠራ ሰው ሙዚቃ ተምሮ፣ የማስተማር ፈቃድ ይዞ የመጣ ነው። ብዙው አመልካች የሚዘጋጀው ሙዚቀኛነቱን ለማስመስከር ነው። እኔ ግን ፈተናው ሌላ ነው ባይ ነኝ። የሚጠየቀው ገና መሣሪያ ላልያዙ ልጆች ምን እንዳሰበና የጀመሩትንም እንዴት እንደሚያቆያቸው ነው።

ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጡትን ማየት ይበቃል። ርዕሰ መምህሩ አለ፤ የወረዳው የሥነ ጥበብ ትምህርት ኃላፊ ይኖራል፤ ከሌላ ትምህርት ክፍል አንድ ሁለት መምህራን፣ አንዳንዴ ወላጅ፣ አንዳንዴም ተማሪ ይጨመራል። ከእነዚህ መካከል ሙዚቃ በሙያ የተማረው ምናልባት አንዱ ነው። ርዕሰ መምህሩ የሚያውቀው የትኛው ክፍል ሁከት እንደሚበዛበት፣ የትኛው ወላጅ በምን ምክንያት እንደሚደውል፣ የትኛው ትምህርት በየዓመቱ ተማሪ እንደሚሸሸው ነው። ጥያቄዎቹም ከዚያ ይመነጫሉ፦ ስልሳ ልጅ መሣሪያ ይዞ የተቀመጠበትን ክፍል እንዴት ጸጥ ታደርጋለህ? መሣሪያ መከራየት የማይችል ቤተሰብ ልጅ ቢመጣስ? ልምምድና የስፖርት ጨዋታ አንድ ቀን ቢውሉ? በእነዚህ ጥያቄዎች ፊት ስለሚወዳቸው የሙዚቃ ደራሲዎች አምሮ የሚናገር አመልካች ምንም አልመለሰም።

ጠያቂዎቹ ሙዚቃ ባያውቁም ጥያቄያቸው ወደ ባንዱ ሥረ ነገር የሚወስድ ነው፤ ባንድ የዓመታት ውጤት ነውና። ዘንድሮ በሁለተኛ ደረጃ ቱባ የሚነፋ ልጅ ከጠፋ፣ ጉድለቱ የተፈጠረው ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ሁሉም ሳክስፎንና ከበሮ ሲመርጥ ዝም የተባለ ዕለት ነው። ጀማሪዎችን ማስተማርም የራሱ ዕውቀት አለው። ዳይሬክተሩ ክፍሉን ሁሉ በፒያኖ ሲ ቤሞል በሚባለው ድምፅ ላይ ሊያገናኝ ሲፈልግ፣ በትራምፔትና በክላርኔት ልጆች ኖታ ላይ የተጻፈው ዶ ነው፤ በአልቶ ሳክስፎኑ ሶል፣ በሆርኑ ፋ። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህ ግራ ያጋባል። ስለዚህ «የመጀመሪያውን ሳምንት እንዴት ታስተምራለህ?» ሲባል፣ መሣሪያዎቹን በየዓይነታቸው ለይቶ ለማስተማር የመርሐ ግብር ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ ካልተገኘም በምን እንደሚተካው ማስረዳት ከማንኛውም የሙዚቃ ፍቅር መግለጫ ይበልጣል። ለዚህም አስቀድሞ የትምህርት ቤቱን ሁኔታ ማጥናት ያሻል፦ ልጆች የሚመጡት ከየትኞቹ ትምህርት ቤቶች ነው? ስንት ጀምረው ስንት ዘለቁ? የትኛው መሣሪያ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው? የትምህርት ቦርድ በጀትና ቃለ ጉባኤ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ የቆዩ የኮንሰርት መርሐ ግብሮችም ስለማይጠፉ፣ ከዚህ ብዙው ቤት ተቀምጦ የሚገኝ ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ባንድ የሚለካው በውድድር አይደለም ወይ የሚል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ባንድ ያደገው በእርግጥ በውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ቺካጎ ላይ የተካሄደውን አገር አቀፍ ውድድር የደገፉት የመሣሪያ አምራቾች ነበሩ፤ ዛሬም ለምሳሌ በቴክሳስ ባንዶች በዳኞች ፊት ቀርበው ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ይሰጣቸዋል፣ ቀድመው ያላዩትን ኖታም እንዲጫወቱ ይደረጋል። ይህ ፈተና የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ደረጃው የሚናገረው በዚያ ቀን መድረክ ላይ ስለተቀመጡት ልጆች ብቻ ነው። መንገድ ላይ ስለቀሩት ምንም አይልም። አንደኛ ደረጃ በያዘ ባንድ ውስጥ የጀማሪዎቹ ክፍል ባዶ ከሆነ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚወዳደር ባንድ አይኖርም። አመልካቹ ያገኘውን ደረጃ ይጥቀስ፤ አያይዞ ግን ከጀመሩት ምን ያህሉ አብረውት እንደዘለቁ ይናገር።

ሕጉንም ማወቅ ግዴታ ነው። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ሕግ በትምህርት የወደቀ ተማሪ ለተወሰነ ጊዜ ከትምህርት ውጭ በሆኑ ውድድሮች እንዳይሳተፍ ከልክሏል። ስለዚህ ዳይሬክተሩ የልጆቹን የሒሳብ ውጤትም የሚከታተል ሰው መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ልጆች በሕዝብ ትምህርት ቤት ተገቢውን ትምህርት የማግኘት መብታቸው በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፤ መስማት ወይም ጣት ማዘዝ የሚቸግረውን ልጅ በባንድ ውስጥ የት እንደሚያስቀምጥ መልስ የሌለው አመልካች ሊያፍርበት ይገባል። ገንዘብ የሚያሰባስቡ የወላጆች ማኅበራት ስላሉም፣ ሒሳቡ በማን እጅ እንደሚሆንና ማን እንደሚፈርም በግልጽ መናገር ይጠቅማል።

«ታዲያ ሙዚቀኛነት ከንቱ ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጆሮ የሌለው ዳይሬክተር ልጆቹን ለዓመታት በስህተት ያስለምዳል። ብዙ ቦታም ከቃለ መጠይቁ ሌላ አመልካቹ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር አጭር ልምምድ እንዲመራ ይጠየቃል። እዚያ የሚፈተነው ግን ጆሮና አስተማሪነት አንድ ላይ ነው፤ ስህተቱን ሰምቶ፣ ከአሥሩ አንዱን መርጦ፣ በአጭር ቃል አስረድቶ፣ ልጆቹ ደግመው ሲጫወቱት መሻሻሉን ራሳቸው እንዲሰሙት ማድረግ። በእኛም አገር በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባ የአርመን ልጆች የመራው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው፤ የየዕለት ሥራው ግን እነዚያን ወላጅ አልባ ልጆች ይዞ ባንድ ማቆም ነበር።

በመጨረሻ «አንተስ ጥያቄ አለህ?» ይባላል። ይህን ዕድል በደመወዝና በዕረፍት ቀን ጥያቄ ብቻ ማሳለፍ ያሳዝናል። ጀማሪዎቹን የሚያስተምረው ማን ነው፣ በሳምንት ስንት ደቂቃ? ረዳት መምህር አለ? ባንድ ከየትኛው አስገዳጅ ትምህርት ጋር በሰዓት ይጋጫል? የቀድሞው ዳይሬክተር ለምን ሄደ? ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ባንድ ይፈልግ እንደሆነ፣ ወይስ የአርብ ማታ ማርሽ ብቻ እንደሚበቃው ያሳያል፤ አመልካቹም ቦታውን መቀበል አለመቀበሉን በዚያ ሊወስን ይችላል።