ኒውክሌሩ ይጽና፣ ውኃው ይታዘዝ

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ክረምት ለዓባይ ብዙ ይሰጣል። ከመካነ ሰላም ደጋ የሚወርደው ጎርፍ፣ በሽሎና ወለቃ ከሚያመጡት ጋር ተደምሮ፣ ጉባ ሲደርስ መብራት ይሆናል። እዚያ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዚያው ሰሞን መንግሥት የኒውክሌር ጣቢያ የመገንባት ሐሳቡን ይፋ አደረገ፤ መስከረም 2018 ላይም ሞስኮ ውስጥ ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ።

ውኃ እያለን ኒውክሌር ለምን? መልሱ ድርቅ ነው። ግንቦት 2011 የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ሲጎድል አገሪቱ ፈረቃ ገባች፤ ፋብሪካም መኖሪያ ቤትም በተራ ጨለመ። ኤሌክትሪካችን ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ ዝናብ ሲነፍገን ሌላ መጠጊያ የለንም። የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስ በበጋ መበርታቱ ደግ ነው፤ ግን ገና ጥቂት ነው።

በአውሮፓ ክርክሩ ሌላ መልክ አለው። ከኤሌክትሪኳ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ከኒውክሌር የምታገኘው ፈረንሳይ ነፋስና ፀሐይ ሲበዙ የኒውክሌር ማብላያዎቿን ኃይል ዝቅ ታደርጋለች፣ ሲያንሱም መልሳ ከፍ ታደርጋለች። ይቻላል፤ ዋጋ ግን አለው። የኒውክሌር ወጪ አብዛኛው የግንባታ ዕዳ ነው፤ ነዳጁ ጥቂት ስለሆነ ኃይል ቢቀንሱም የሚድነው ገንዘብ ኢምንት ነው። በዚያ ላይ ኃይሉ ዝቅ ሲል በማብላያው ውስጥ ዜኖን የተባለ ጋዝ ይከማቻል፤ ኒውትሮን እየዋጠ ኃይሉን ቶሎ መልሶ ማንሳትን ያከብዳል።

እኛ ግን ይህን ጣጣ የምንሸከምበት ምክንያት አይታየኝም። የግድብ ተርባይን በደቂቃዎች ይነሣል፣ በደቂቃዎች ይቆማል። ማብላያው ሌት ተቀን በአንድ ልክ ይሥራ፤ ነፋስ ሲነፍስ ግድቡ ውኃውን ያቆይ፣ ሲያርፍና ምሽት ላይ ፍጆታ ሲያሻቅብ ይልቀቅ። እንዲህ ከሆነ ኒውክሌሩ ለክፉ ዓመት ውኃ ያጠራቅምልናል። ይህም ወሰን አለው፦ ከጉባ በታች የሱዳኑ ሮዛሪስ ግድብ ስላለ የፍሰቱ መጠን በየሰዓቱ እንዳሻን ሊዋዥቅ አይችልም፤ መረጃ መለዋወጥ ግድ ይላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የማብላያው መጠን ነው። ሮሳቶም ለውጭ አገሮች የሚገነባው ትልቁ ዓይነት 1200 ሜጋ ዋት ያህል ነው። ይህን የሚያህል ማብላያ ድንገት ቢቆም ብሔራዊው የኃይል ቋት በሰከንዶች ውስጥ ሌላ ኃይል ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ አገር በሙሉ ይጨልማል። ስለዚህ ውሉ ከመጽደቁ በፊት ስለ አነስተኛ ማብላያዎችና ስለ ማስተላለፊያ መስመሮች በግልጽ መነጋገር ይገባል።