ቀረጡን የሚወስነው ማን ነው?

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ገበያ ውስጥ ሁለት ነጠላ ጎን ለጎን ተሰቅለው ይሸጣሉ። የአንዱ ጥለት በእጅ የተሸመነ ነው፤ ገልበጥ አድርገው ሲዳብሱት የክሩ ጫፍ ጣት ይነካል። ሌላው ከውጭ የገባ ነው፤ ጥለቱ በማሽን ስለታተመ ጀርባው ልሙጥ ነው፤ ዋጋውም ረከስ ይላል። ከጋሞ ደጋ መጥተው እዚህ ለከተሙት ሸማኔዎች በዚህኛው ላይ ቀረጥ ቢጠነክር እፎይታ ነው። ነገር ግን የሚያብረቀርቀው የጥለት ክርም ከውጭ ይመጣል፤ እሱ ላይ ከተጨመረ የሚጎዱት እነሱው ናቸው። ቀረጥ እንግዲህ ጨርቁን ከክሩ ለይቶ ካልተጣለ ጥቅም የለውም።

ኢትዮጵያ ይህን የመለየት መብት በውል ተነጥቃ ኖራለች። በጥር 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የፈረንሳዩ መልእክተኛ ክሎቡኮውስኪ አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ፣ እንደ ወይን ጠጅ ባሉ መጠጦች ላይ ደግሞ 8 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። ሌሎች መንግሥታትም ለአንዱ የተፈቀደው ለእነሱም እንዲፈቀድ ቀድመው ተዋውለው ስለነበር ጣሪያው የሁሉም ሆነ። የወይን ጠጅ ከድሃ ልብስ ያነሰ ቀረጥ የሚከፍልበት ውል ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ውሉ የውጭ ዜጎችን ጉዳይ ቆንስሎቻቸው እንዲዳኙም መንገድ ከፍቷል።

በ1773 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ቅኝ ተገዢዎች የለንደንን የሻይ ቀረጥ አሻፈረኝ ብለው ሻዩን ቦስተን ወደብ ላይ ባሕር ውስጥ ደፉት። እኛ ዘንድ ግን አሻፈረኝ ባዮቹ ቅኝ ገዢዎቹ ነበሩ። በ1923 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የፍጆታ ግብር ሲያውጅ፣ ፈረንሳይ የ1900ውን ውል ጠቅሳ ተከራከረች። ትምህርት ቤትና መንገድ የሚሠራበት ገንዘብ ከጉምሩክ ይጠበቅ በነበረበት ጊዜ ነው።

የድሬዳዋው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ግን ነገሩን ቀድመው አይተውት ነበር። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እንዴት እንደሚደኸይ አስረድተዋል።

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ድርድሩ ዳግም ስለ ቀረጥ ጣሪያ ነው፤ የተስማሙበትን ጣሪያ በኋላ ከፍ ማድረግ ደግሞ ካሳ ያስጠይቃል። ተደራዳሪዎቻችን የጨርቁንና የክሩን ቁጥር ከመፈረማቸው በፊት ሽሮ ሜዳ ወጥተው ሸማኔዎቹን ይጠይቁ።