ጨው፤ ጥቅሙና ልኩ
(በሬዲዮ ከተሰጠው የጤና አጠባበቅ ንግግር)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጨው ነው። ጨው በየቤቱ ያለ፣ ድኻውም ባለጸጋውም በየቀኑ የሚቀምሰው ነገር ስለ ሆነ፣ «ስለ ጨው ደግሞ ምን የሚነገር አለ?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ሰው ዘወትር በእጁ የሚይዘውን ነገር መርምሮ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ በዙሪያውም ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ሁሉ፣ ወጥ የምትሠራ እመቤት ጨው ሲያንስ ወዲያው ታውቃለች፤ ሲበዛም ምላሷ ይነግራታል። ነገር ግን ለምላስ ልክ የሆነው ጨው ለልብና ለደም ሥር ልክ ነው ወይ? ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይደለም። እኛ ዛሬ የምንመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ጨው በአገራችን ታሪክ የተከበረ ቦታ አለው። በ6ኛው ምዕተ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ፣ የአክሱም ሰዎች ከብትና ጨው፣ ብረትም ይዘው ወርቅ ወደሚገኝበት አገር እየሄዱ በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበር ጽፏል። ከዚያም በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት፣ በአፋር በረሓ ከአርሆ እየተቈረጠ የሚወጣው አሞሌ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ሆኖ ኖሯል። አሞሌው በግመል ተጭኖ ከቈላው ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከዚያም በበቅሎና በአህያ ጀርባ ብዙ ቀን ተጕዞ ጎጃም ይደርሳል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጎጃም ስመ ጥር በነበረው በባሶ ገበያ፣ ከዓባይ ማዶ ከመጣው ሸቀጥ ጋር ይለወጥ ነበር። አሞሌ ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ስለሚወደድ፣ በአንድ ጠገራ ብር የሚገኘው ቍጥር መንገዱ በረዘመ ቍጥር እያነሰ ይሄድ ነበር።

እንግዲህ ገንዘብን በወጥ ውስጥ የሚበትን ሰው የለምና፣ የቀድሞ ሰዎች ጨውን በቍጠባ ይጠቀሙበት ነበር። በዛሬው ጊዜ ግን ነገሩ ተለውጧል። ለገበያ የሚቀርበው ጨው አብዛኛው ከአፍዴራ ሐይቅ እየወጣ በመኪና እስከ ትንሹ ሱቅ ድረስ ይመጣል፤ በወጥ ቤት ካለው ዕቃ ሁሉ ርካሹም እርሱ ነው። «የጨው ተራራ ሲናድ ብልኅ ያለቅሳል፤ ሞኝ ይልሳል» የሚለው ተረት የተነገረው ጨው ብርቅ በነበረበት ዘመን ነበር። ተራራው በየቤታችን በተናደበት በዚህ ዘመንም ምክሩ አላረጀም፤ የተገኘውን ሁሉ መላስ ብልኅነት አይደለምና።

ለመሆኑ ጨው ምንድን ነው? የገበታ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን የተባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች ተዋሕደው የሚሆኑት ነው። ከ100 ግራም ጨው ውስጥ 40 ግራሙ ያህል ሶዲየም ነው። ሰውነታችን ያለ ሶዲየም ሊኖር አይችልም፤ በደማችንና በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ውሃ በልክ የሚይዝ፣ ነርቮች መልእክት እንዲያስተላልፉ፣ ጡንቻዎችም እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርግ ነው። አንድ ልጅ በተቅማጥና በትውከት ብዙ ውሃ ሲወጣው፣ አብሮ የሚወጣው ጨው ካልተተካለት ሕይወቱ በአደጋ ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ በጤና ጣቢያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይሰጠዋል። እርሱ እስኪገኝ ድረስም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቈለል፣ በጥብጦ ቀስ በቀስ ማጠጣት ይገባል። ይህን ማለታችን ጨው በራሱ ጠላት አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

ነገር ግን ለሰውነት ሥራ በየቀኑ የሚያስፈልገው ሶዲየም ከ1 ግራም በታች ነው። ከዚያ የተረፈውን ኵላሊት ከደም እያጣራ በሽንት ያስወጣል። ትርፉ ዕለት በዕለት ሲበዛ ግን ኵላሊት ሁሉን ለማስወጣት ይቸገራል። ሶዲየም ውሃን የሚይዝ ነውና፣ በደም ውስጥ ሲበዛ ውሃውም አብሮ ይበዛል። የደሙም መጠን ሲጨምር የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚገፋው ኀይል ይጨምራል። ጠባብ ቦይ ከዓቅሙ በላይ ውሃ ሲለቀቅበት ጠርዙ እንደሚሸረሸር፣ የደም ሥርም እንዲሁ እየተጎዳና እየደነደነ ይሄዳል፤ ልብም ደሙን ለመርጨት ከዓቅሙ በላይ ይደክማል። የደም ግፊት የሚባለው በሽታ ይህ ነው። የበሽታው መነሻ ጨው ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ፣ ዘር፣ ውፍረት፣ መጠጥም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ ይልቅ በእጃችን ያለውና ለመቀነስ የሚቀለው ጨው ነው።

የደም ግፊት ክፋቱ ዝምተኛነቱ ነው። ወባ ያንቀጠቅጣል፤ ቍስል ያመረቅዛል፤ ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ዓመታት ይቈያል። ሰውየው ሲያርስና ሲያጭድ ከርሞ፣ አንድ ቀን ማለዳ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል፤ አፉ ይጣመማል፤ ንግግሩም ይተሳሰራል። በገጠር እንዲህ ያለውን ሰው «መጋኛ መታው» ማለት የቈየ ልማድ ነው። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ግን ይህ በአንጎል ውስጥ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ ነው፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ሳይታወቅ የኖረ የደም ግፊት ነው። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ በቤት የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት የአካሉን ድኅነት ይቀንሳልና።

እንግዲህ ልኩ ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ይበቃል ብሎ ወስኗል። ይህም በሶዲየም ሲቈጠር ከ2 ግራም በታች ነው። በቤት ዕቃ ስንለካው፣ ሳይቈለል ከተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ያነሰ ነው። ለሕፃናት ደግሞ ከዚህም ማነስ አለበት፤ እስከ ስድስት ወር ድረስ ያለ ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ግን፣ አንድ ዐዋቂ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ያህል ጨው እንደሚመገብ ተገምቷል። ከመቶ ዐዋቂዎችም 16ቱ ያህል የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ሕዝብም በአማካይ ከ10 ግራም በላይ እንደሚመገብ ይገመታል።

ለዚህ ሁሉ ጨው መግቢያው በር የትኛው እንደ ሆነ እንመልከት። እንጀራችን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጨው የሚጋገር በመሆኑ ትልቅ ዕድል አለን። ዳቦ የዘወትር ምግባቸው የሆነ ሕዝቦች ጨውን ገና ከዳቦው ይጀምራሉ። የእኛ ጨው ያለው በወጡ ነው፤ በወጡም ውስጥ የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። የቡሬና የወምበርማ፣ የፍኖተ ሰላም ዙሪያም በርበሬ በየገበያው የታወቀ ነው። ይህ በርበሬ ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኵርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተደልዞ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሽሮም ሲፈጭ በርበሬና ጨው ይጨመርበታል። ወጡ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ እመቤቲቱ ከዕቃው ቈንጥራ ትጨምራለች። በገበታ ላይ አዋዜ፣ ድልህ ወይም ሚጥሚጣ ይቀርባል፤ በእነርሱም ውስጥ ጨው አለ። ቡናውን በጨው የሚጠጣም ብዙ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥቂት ይመስላል፤ ሲደመር ግን ከልኩ ያልፋል። ምላስ ደግሞ የመጨረሻውን ቍንጥር እንጂ ቀድሞ የገባውን አትቈጥርም።

በከተማ ለሚኖሩት ሌላም በር ተከፍቷል። በሱቅ የሚሸጠው የሾርባ ማጣፈጫ ኩብ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ኩብ ከገባ ጨው መጨመር አያስፈልግም ማለት ነው። በታሸገ ምግብ ላይ በሚሊግራም የተጻፈውን የሶዲየም ቍጥር በ2.5 ብናባዛው የጨዉን ልክ እናገኛለን። ለምሳሌ 400 ሚሊግራም ሶዲየም ማለት 1 ግራም ጨው ነው።

በየቀኑ ጨውን በግራም የሚመዝን የቤት እመቤት አይገኝም፤ አያስፈልግምም። ከዚህ የሚቀለው የቤቱን ጨው በወር መቍጠር ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት፣ ለእያንዳንዱ በቀን 5 ግራም ቢታሰብ፣ በ30 ቀን የሚበቃው 900 ግራም ነው። ይኸውም አንድ ኪሎ የማይሞላ ጨው ማለት ነው። በዓመት ሲታሰብ 11 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ በበርበሬው፣ በሽሮው፣ በአዋዜውና በቡናው የሚገባው ሁሉ ይጠቃለላል፤ ለከብቶች የሚሰጠው ብቻ ለብቻው ይታሰባል። ሁሉም በቀን 8.3 ግራም ቢበሉ ግን የዚያው ቤት ጨው በዓመት 18 ኪሎ ይደርስ ነበር። በመካከሉ ያለው 7 ኪሎ በልብና በኵላሊት ላይ የተጫነ ትርፍ ሸክም ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጨው የተገዛበትን ቀን በግድግዳ ላይ ምልክት አድርጎ መጠበቅ ለማንም የማያስቸግር ሚዛን ነው።

ትርፉን ለመቀነስ ጣዕምን መተው አያሻም። አንደኛ፣ የዘንድሮው በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ያለ ጨው ወይም በግማሽ ጨው ይሁን፤ በርበሬው በፀሐይ በሚገባ ከደረቀና በደረቅ ዕቃ ከተቀመጠ አይበላሽም። ያን ጊዜ እመቤቲቱ የወጡን ጨው በአንድ እጇ ብቻ ትቈጣጠረዋለች። ሁለተኛ፣ ጨውን በአንድ ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት መቀነስ ነው፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል፤ ከዚያም በኋላ የቀድሞው ወጥ ራሱ ጨው የበዛበት ሆኖ ይታያል። ሦስተኛ፣ ነጭ ሽንኵርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቍር አዝሙድና ሎሚ የጨውን ጕድለት ይሸፍናሉ። አራተኛ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ጎመንና ሙዝ ፖታሲየም የተባለውን ንጥረ ነገር ይሰጣሉ፤ ፖታሲየም ደግሞ የሶዲየምን ጕዳት ያቀልላል። የኵላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ስለዚህ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጨው ይቀነስ ስንል አዮዲን ያለው ጨው ይቅር ማለታችን እንዳልሆነ አጥብቀን እናሳስባለን። ብዙ ዝናብ በሚታጠብ የደጋ አፈር ውስጥ አዮዲን ይጐድላል። እንቅርት የሚያወጣው ይህ ጕድለት ነው፤ ከዚያም በላይ በነፍሰ ጡር እናት ላይ ሲደርስ የሚወለደውን ልጅ አእምሮ ይጐዳል። ስለዚህም የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. በመንግሥት ደንብ ታዝዟል። ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ በተከደነ ዕቃ፣ ፀሐይና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ አኑሩት፤ አዮዲኑ በእሳት እንዳይባክን ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። የሚጨመረው አዮዲን ጨው በልክ የሚበላውንም ሰው ይጠቅማል፤ ጥቂት ጨው መብላትና አዮዲን ማግኘት አይጣሉም።

በመጨረሻም፣ ዕድሜው ከ30 ዓመት ያለፈ ሰው ሁሉ ጤነኛ ነኝ ቢልም እንኳ ግፊቱን ይለካ። በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል የሚደረገው ልኬት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነው፤ ሕመምም የለውም። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው ቍጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ሐኪም የሚያዝዘውን መከተል ነው። መድኃኒት የተጀመረለትም ሰው ተሽሎኛል ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ የተሻለው በመድኃኒቱ ነውና።

ለእንግዳ አልጫ ወጥ ማቅረብ ነውር ነው የሚል ልማድ አለን። እንግዳን ማክበር መልካም ነው። ነገር ግን ለእንግዳም ለቤተ ሰብም ከሚደረገው ክብር ሁሉ የሚበልጠው ጤናውን መጠበቅ ነው። ጨው ለወጥ ጣዕም እንጂ ለሰው ሸክም እንዳይሆን፣ እያንዳንዳችሁ ከዛሬ ጀምሮ የቤታችሁን ኪሎ ቍጠሩ።