መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችና ዓይደር

መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ የሚባለው ቀድሞ ይገድለው የነበረውን መድኃኒት ተቋቁሞ መራባቱን የሚቀጥል ተህዋስ ሲሆን፣ ይህን ችሎታ የሚሰጠው ዘረመል ፕላስሚድ በተባለ አነስተኛ የዘረመል ቀለበት አማካይነት ዝርያው ወደ ተለየ ባክቴሪያ ጭምር ይተላለፋል። ለጽኑ ሕሙማን የሚቆጠቡትን ካርባፔኔም የተባሉ መድኃኒቶች የሚያከሽፈው ኤን ዲ ኤም የተሰኘ ኢንዛይም እ.ኤ.አ. በ2008 ከሕንድ ወደ ስዊድን በተመለሰ ታካሚ ላይ ከተገኘ ወዲህ፣ ከሰዎች ጋር እየተጓዘ አህጉራትን አዳርሶ በኢትዮጵያም ጅማ ውስጥ ተገኝቷል።

በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዓይደር ሆስፒታል ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት የደረሰበት እጦት የዚህን አደጋ ሥር በግልጽ ያሳያል፤ የእጅ ጓንት እየታጠበ ዳግም ሲያገለግልና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲታጣ፣ ጀርም ከቁስል ወደ ቁስል የሚሻገርበት መንገድ ይሰፋል፤ በተቆራረጠ ሕክምና ደግሞ ደካማው ባክቴሪያ ሞቶ ብርቱው ይቀራል። ስለዚህ መድኃኒቱን ሳይጨርስ ያቋረጠውን ታካሚ ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞቱት 1.27 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ በሚገመትበት ዓለም፣ ንጹሕ ውኃ፣ ጓንትና የላቦራቶሪ ምርመራ ከዓይደር ሊቋረጡ አይገባም።