ጠጉር ሠሪው አንቶዋንና ውሻው

በዳሞታ ተራራ ግርጌ ወደምትገኘው ወደ ወላይታ ሶዶ የሄደ ሰው፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከሚያያቸው ማስታወቂያዎች መካከል «የሴቶች የውበት ሳሎን» እና «የወንዶች ጠጉር ቤት» የሚሉትን በብዛት ያገኛል። በተለይ በመስከረም የግፋታ በዓል ሲቃረብ ሁሉም አምሮ ለመታየት ይጣደፋል። አንዲቱ ሹሩባ ትሠራለች፤ ሌላይቱ ጠጉሯን ታስተኩሳለች፤ ሦስተኛይቱ ደግሞ እስከ ጆሮዋ ድረስ አሳጥራ ታስቈርጣለች። ይህች ሦስተኛይቱ በመስተዋቱ ፊት ተቀምጣ መልኳን ስትመለከት፣ ቍርጡ ከየት እንደ መጣ ምናልባት አታስብ ይሆናል። ነገር ግን ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ውሻውን እየመራ በፓሪስ ጎዳና ይንሸራሸር የነበረ የአንድ ጠጉር ሠሪ ታሪክ ነው።

አንቶኒ ቼርፕሊኮቭስኪ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1884 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ፣ በፖላንድ አገር ሼራድዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ቄሣር ግዛት ሥር ትተዳደር ነበር። ልጁ የተማረው ከፍ ባለ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ዉች በምትባል ከተማ ጠጉር ሠሪ ከነበረ አጎቱ ዘንድ ሆኖ መቀስና ማበጠሪያ አያያዝ ተማረ። ከዚያ በኋላ ገና በወጣትነቱ ወደ ፓሪስ ተሻገረ። ስሙም ለፈረንሳዮች አፍ እንዲቀል «አንቶዋን» ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. ኤቭ ላቫልዬር የምትባል ዝነኛ ተዋናይት አንድ ችግር ገጠማት። ዕድሜዋ ከአርባ ዓመት አልፎ ሳለ በመድረክ ላይ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ሆና እንድትጫወት ተፈለገ። አንቶዋንም ጥቂት አሰበና መቀሱን አንሥቶ ረዥሙን ጠጉሯን እስከ ጆሮዋ ድረስ ቈረጠው። ሐሳቡን ያገኘው ጠጉሯን እንደ ወንድ ቈርጣ ከዘመተችው ከፈረንሳዊቷ ጀግና ከዣን ዳርክ ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ረዥም ጠጉር የሴት ክብር ነበርና ነገሩ ብዙ ሰው አስደነገጠ። ይሁን እንጂ ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የዓለም ጦርነት ሴቶች በየፋብሪካውና በየቢሮው በሥራ ሲሰማሩ አጭር ጠጉር ለሥራ የሚመች ሆኖ ተገኘ፤ ከጦርነቱም በኋላ የዘመኑ ምልክት ሆነ።

ከዚህ ወዲያ የአንቶዋን ስም ባሕር ተሻገረ። ዝነኛይቱ ዘፋኝና ተወዛዋዥ ጆሴፊን ቤከር ከደንበኞቹ አንዷ ነበረች። በኒው ዮርክም ሳክስ በሚባለው ትልቅ መደብር ውስጥ በስሙ የጠጉር ቤት ተከፈተ።

ሰውዬው እንግዳ ነገር የሚወድ ነበር። የቤቱን ዕቃ ከመስተዋት አሠርቶ፣ የሚተኛውም በመስተዋት የሬሳ ሣጥን ውስጥ ነው እየተባለ ይወራ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የፓሪስን ሰው ያስደነቀው ግን ውሻው ነው። ቀጭንና ረዥም፣ ጠጉሩም እንደ ሐር የለሰለሰውን ውሻውን በቀለም ነክሮ ይዞት ይወጣ እንደ ነበር ይተረካል። መጀመሪያ ያየው ሁሉ ሣቀ። ቈይቶ ግን ባለ ጠጎቹ ወይዛዝርት ሽበታቸውን ወደ ሰማያዊና ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም ማስነካት ጀመሩ ይባላል።

በእኛም አገር ውሻ ወዳጅ አላጣም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባለውን ትንሽ ውሻቸውን ምን ያህል ይወዱት እንደ ነበር ፎቶግራፎቻቸው ይመሰክራሉ። በወላይታ ገጠር ደግሞ ውሻ ቤቱንና የእንሰቱን ጓሮ ሲጠብቅ ያድራል፤ ጃርትና የዱር አሳማ እንሰቱን ሊያጠፉ ሲመጡ ባለቤቱን የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለውም ታማኝነቱን ስለምናውቅ ነው። ታዲያ ውለታው የሚከፈለው ፍርፋሪ በመወርወር ብቻ መሆን የለበትም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች እንደሚገድል ይገመታል። ሉዊ ፓስተር አንቶዋን በተወለደ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም.፣ ክትባቱን በሰው ላይ ሞክሮ ሕይወት ካዳነበት ጊዜ አንሥቶ መከላከያው ይታወቃል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የተነከሰ ሰውም ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። እንግዲህ ውሻውን የሚወድ ሰው ያስከትበዋል።

አሁን ወደ ሙያው ነገር እንመለስ። በአገራችን ባለ እጅ ለብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል። በወላይታም ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ለሕዝቡ ማሰሮውንና ማረሻውን እየሠሩ፣ ከሌላው ጋር በጋብቻ እንዳይተሳሰሩ ተለይተው ኖረዋል። ያ አስተሳሰብ ዛሬም ከልባችን ፈጽሞ አልወጣም። ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ቢያጣ፣ መቀስ ከሚይዝ ይልቅ የቢሮ ወንበር እስኪገኝ ቤት መቀመጥን የሚመርጥበት ጊዜ አለ። ቤተ ሰቡም «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ጠጉር ልትቈርጥ ነውን?» ይለዋል። ጸሐፊው በቢሮው፣ ጠጉር ሠሪዋም በሳሎኗ እኩል እንደሚደክሙ ግን ማንም ልብ አይለውም። ከዚህም በላይ ሰው ለሠርጉም ለምርቃቱም ሲዘጋጅ፣ ራሱን ያለ ፍርሃት አጎንብሶ የሚሰጠው ለጠጉር ሠሪ ነው። ይህን የመሰለ አደራ በየቀኑ የሚቀበል ሙያ ሊናቅ አይገባውም።

አንቶዋን ይህን ሁሉ ዝና ካገኘ በኋላ በስተርጅና ወደ አገሩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1976 ዓ.ም. በ91 ዓመቱ፣ በተወለደባት በሼራድዝ ዐረፈ። የከተማው ሰዎችም «ጠጉር ቈራጭ ነበር» ብለው አልናቁትም፤ በስሙ የጠጉር ሥራ በዓል እያዘጋጁ ወጣቶች ሙያቸውን እንዲያሳዩ አድርገዋል።

ሶዶም ትንሽ ከሚባሉት ከተሞች ተነሥታ ዛሬ የዩኒቨርሲቲና የክልል መቀመጫ ሆናለች። በአንድ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቆማ እየሠራች ስንት ሙሽሮችን የዳረች፣ ስንት ልጆችን ሙያ ያስተማረች ጠጉር ሠሪ ባረፈች ጊዜ፣ ለቀብሯ የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ምስጋናው በሕይወት ሳለች ቢደርሳት፣ ሙያውን የመረጠውም ልጅ ከቤተ ሰቡ ምርቃት ቢያገኝ የበለጠ መልካም ነው።